ናሙናውና ጭነቱ፤ ስለ ሥራ ማመልከቻና ስለ ቃለ መጠይቅ ዝግጅት

እህል ነጋዴ ጆንያ ሲገዛ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይስማማም። እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ያወጣውን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ይመለከታል፤ አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ጉድፉንና እርጥበቱን ከመረመረ በኋላ ዋጋ ይቆርጣል። ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በሚቀጥርበት ቀን ማመልከቻውን በግማሽ ዓይን አይቶ፥ የአመልካቹን የአባት ስምና የመጣበትን አገር ብቻ ጠይቆ፥ «ነገ ጀምር» የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነቀዝ የበላው ስንዴ የሚያመጣው ጉዳት የአንድ ጆንያ ጉዳት ነው፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ገንዘብ ያዥ የሚያደርሰው ኪሣራ ግን ልኩ የሚታወቀው የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

በሌላው ወገን ሥራ ፈላጊውም ከዚህ የተለየ ስሕተት አይሠራም። ማመልከቻውን እንደ ልመና ጽሑፍ ይቆጥረዋል እንጂ የጭነቱ ናሙና መሆኑን አያስተውልም። ናሙና ጭነቱን በትክክል ሊያሳይ ይገባዋል፤ ከጭነቱ የከፋ ከሆነ ባለቤቱ ይጎዳል፥ ከጭነቱ የተሻለ ከሆነም ገዢው ጭነቱን ይመልሳል። የሥራ ማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ምሥጢር በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል።

ለነገሩ ምሳሌ እንድትሆን ኩየራን እንውሰድ። ኩየራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፥ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ ከሻሸመኔ በስተሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ድንችና ስንዴ ይመረታል፤ ከ1940ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚያ የቆየውና ኋላ ኮሌጅ የሆነው የአድቬንቲስት ትምህርት ቤትም ስሟን ከስፋቷ በላይ አስጠርቶላታል። ትምህርቱን የፈጸመ የኩየራ ወጣት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ በዚያው ጎዳና ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ደቡብ ቢሄድ የሻሸመኔ ሱቆችና በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ፤ ወደ ሰሜን ቢሄድ የባቱ የአበባ እርሻዎች፥ የሞጆ ደረቅ ወደብና የአዳማ የንግድ ቤቶች አሉ። ለአንድ ቀን ፈተና አዳማ ደርሶ ለመመለስ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡም ወላጅ ድንች ሸጦ የሚሰጠው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳይዘጋጅ የሚሄድ ወጣት የሚያባክነው የራሱን ቀን ብቻ አይደለም።

የዝግጅቱ መጀመሪያ የሚቀጥረውን ቤት ማወቅ ነው። አንድ ማመልከቻ ጽፎ፥ ሃያ ጊዜ አባዝቶ፥ «በማናቸውም የሥራ መደብ ብመደብ» እያሉ ለሃያ ድርጅት ማደል ከንቱ ድካም ነው። ማናቸውንም ሥራ እሠራለሁ የሚል ሰው ለነጋዴው የትኛውንም ሥራ አልነገረውም። ድርጅቱ ዕቃ አስመጪ ከሆነ አመልካቹ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስመጣ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ዲክላራሲዮን ምን እንደሆነ፥ የትራንዚተር ሥራ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በጥቂቱም ቢሆን ይወቅ። የችርቻሮ ሱቅ ከሆነም አንድ ቀን ገዢ መስሎ ገብቶ የዕቃውን አደራደርና የገበያተኛውን ዓይነት ይመልከት።

ቀጥሎ የሚመጣው ያለውን በሚዛን መጻፍ ነው። «ልምድ የለኝም» የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ የራሱን ሀብት አያውቅም። በመኸር ጊዜ ከአባቱ ጋር ድንች ሲመዝንና የዱቤ መዝገብ ሲይዝ የኖረ ልጅ ስንት ወቅት እንደሠራ፥ ምን እንደመዘገበ፥ ማን ሊመሰክርለት እንደሚችል ቢጽፍ ከባዶ የምስጋና ቃላት ይልቅ ይጠቅመዋል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አጣርቶ የሚናገር፥ በዚያ ላይ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚሰማ ሰው በሻሸመኔ ገበያ ለባለ ሱቅ ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ ይህንንም ማመልከቻው ላይ ሳይጽፍ መቅረት የለበትም።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ማመልከቻ ያበላሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያን ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ስለሚያንስ፥ በአንዱ መስመር የትውልድ ዘመኑን በኢትዮጵያ፥ በሌላው የምረቃ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፈ ሰው ያልሠራውን ስሕተት የሠራ ይመስላል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም፥ የትኛው እንደሆነም መግለጽ ይገባል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍና በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ የፊደሉ አደራደር ይለያያል፤ መታወቂያው በአንዱ፥ የትምህርት ማስረጃው በሌላው ከሆነ ልዩነቱን ጠያቂው ከማየቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ በአንድ መስመር ማስረዳት አለበት።

ስለ ማመልከቻ ሲነሣ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ምሳሌ አለ። ታላቁ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባዘጋጀው የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ ላይ ሥዕልን አላስቀደመም። ገዢው ጦርነት የከበበው መሆኑን ስላወቀ ስለ ድልድይ፥ ስለ መድፍና ስለ ምሽግ በተራ ቁጥር ዘረዘረ፤ ሥዕልን ያነሣው በመጨረሻ ነው። ከዘረዘረውም ውስጥ የማይቻል የሚመስል ነገር ቢገኝ ገዢው በፈለገው ስፍራ ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን ጻፈ። የሚጠየቀውን ማስቀደምና ናሙናውን ለፈተና ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሲደርስ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ማጣራት ያሻል። «በሦስት ሰዓት» ማለት በአገራችን አቆጣጠር ጧት ነው፤ በውጭ አገር አቆጣጠር በሚሠራ ድርጅት ግን ከቀትር በኋላ ሊሆን ይችላል። ከኩየራ ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ቢቻለው በዋዜማው ይድረስ፤ የመኪና መዘግየት ለአመልካቹ ምክንያት፥ ለጠያቂው ግን የመጀመሪያው ናሙና ነው። ዋናው ማስረጃና ቅጂው በቅደም ተከተል ይያዝ፤ ልብስም ውድ ሳይሆን ንጹሕ ይሁን።

ጥያቄው ከሥራው የሚነሣ መሆኑን መጠበቅ ብልኅነት ነው። ለምሳሌ ነጋዴው 2,300 ብር የሚል ደረሰኝ አሳይቶ «በዚህ ውስጥ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ ታክሱ ሲወጣ የዕቃው ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የቸኮለ ሰው ከ2,300 ላይ 15 በመቶውን፥ ማለትም 345 ብር ቀንሶ 1,955 ይላል። ያስተዋለው ግን 2,300ን ለ1.15 አካፍሎ 2,000 ብር መሆኑን፥ ታክሱም 300 ብር መሆኑን ይናገራል። የ45 ብር ልዩነት በአንድ ደረሰኝ ላይ ትንሽ ነው፤ በዓመት ደረሰኝ ሁሉ ላይ ሲደጋገም ግን ባለ ንግዱን ከግብር ሰብሳቢው ጋር የሚያጣላ ነው። መልሱን የማያውቅ ሰውም «ይህን ገና አልሠራሁትም፤ አንድ ጊዜ ቢያሳዩኝ እይዘዋለሁ» ቢል አያፍርበትም። ያላወቀውን አውቃለሁ ያለ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅበታል።

አሁን ወደ ቀጣሪው እንመለስ። ነጋዴው ሥራው ምን እንደሆነ፥ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፥ የሥራው ሰዓት እስከ መቼ እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ ካልገለጸ የሚመጣለት ሰው ሁሉ በግምት የመጣ ይሆናል። ለአመልካቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርብ፤ መልሳቸውን በወረቀት ይያዝ፤ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ የሥራ ሙከራ ይስጥ። የዘመድ ልጅም ቢሆን በዚያው ሚዛን ይመዘን።

ሕጉም ለሁለቱ ወገን መንገድ አብጅቷል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን፥ ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለገንዘብ ያዥና ለግምጃ ቤት ኃላፊ ዋስ መጠየቅ በንግድ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 እንደሚያዘው፥ የሚዋስበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። መጠኑን ሳያስጽፍ ዋስ የተቀበለ ነጋዴ የያዘው ባዶ ወረቀት ነው፤ አመልካቹም ዋሱን ከመለመኑ በፊት መጠኑን ጠይቆ ሊነግረው ይገባል።

በመጨረሻም ላልተመረጡት መልስ መስጠት የንግድ ቤት ክብር ነው። ከኩየራ መጥቶ የተፈተነ ወጣት «ቦታው ተይዟል» የሚል አጭር የስልክ ቃል ቢደርሰው ወደ ሌላው በር ይሄዳል፤ ካልደረሰው ግን ተስፋ እያደረገ ሳምንታት ያሳልፋል። ያ ወጣት ነገ የሌላ ቤት ገዢ ወይም ሻጭ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና፥ የዛሬውን አቀባበል እንደሚያስታውስ ነጋድያን ልብ ሊሉት ይገባል።