የሁለት ሰው ሥራ በአንዲት እናት ትከሻ

የልጅ ካንሰር ሕክምና ለአንድ ሰው አቅም አይመጥንም። አንዱ ወላጅ ሆስፒታል አልጋ ሥር ያድራል፤ ሌላው ቤት ቀርቶ የተረፉትን ልጆች ያበላል፣ እርሻውን ወይም ሱቁን ያያል፣ ገንዘብ ይልካል። ሐኪሙ ተናግሮ ሲወጣ ደግሞ "ምን አሉ? አንተ ምን ገባህ?" ተባብሎ የሚመካከር ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ባሏ የሞተባት እናት ግን ሁሉንም ብቻዋን ታደርገዋለች።

አንዲት እናትና የ6 ዓመት ሴት ልጇን እያሰብን እንሂድ። እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸውና ስም አልሰጣቸውም። አባትየው ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል እንበል፤ ቤታቸው ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። ልጅቱን የያዛት የደም ካንሰር ነው፤ በልጆች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው፣ አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው ዓይነት።

መጀመሪያ ላይ ማንም ካንሰር ብሎ አይጠረጥርም። ልጅቱ ይደክማታል፣ ፊቷ ይገረጣል፣ ትኩሳቷ ሄድ መጣ ይላል። እግሬን አመመኝ ብላ ታነክሳለች፤ ሳትወድቅ ሰውነቷ ይበልዛል፤ ድዷ ይደማል። ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ጥቂት ቀን ሻል ይላትና ይመለስባታል። አንዱ ጎረቤት ቡዳ ነው ሲል ሌላው "የአባቷ ናፍቆት ነው" ይላል። አባት በሌለው ቤት ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ የመጨረሻው ግምት ይመስለኛል። አባቷ የሞተባት ልጅ ስትከሳ ሁሉም ለሐዘን ይሰጠዋል፤ እናቷም ታምነዋለች፤ ወራት ያልፋሉ። ትኩሳት፣ መገርጣት፣ የአጥንት ሕመምና ያለ ምክንያት መበለዝ ተደራርበው ከታዩ ሲቢሲ የሚሉትን የደም ምርመራ መጠየቅ ነው። በማንኛውም ሆስፒታል የሚሠራ ምርመራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የሚያነሣው እሱ ነው።

የበሽታው ስም ሲነገራት እናትየዋ የምትጠይቀው "ምን አድርጌያት ነው?" ብላ ነው። ሐዘን ላይ ሆኜ አላበላኋት ይሆን? ሳለቅስ አጠገቤ ማሳደሬ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ አንቺ ያደረግሽው ምንም ነገር የለም። ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። እዚያ ካሉት ሴሎች አንዱ ሲባዛ ስሕተት ይፈጠርበትና ሳይበስል ዝም ብሎ መራባት ይጀምራል፤ ጤነኛው ደም የሚሠራበትን ቦታ ይይዛል። ሐዘንም ረኃብም ይህን አያመጣውም። በሽታው አይተላለፍም፤ እኅትና ወንድሞቿ ከአንድ ትሪ አብረዋት ሊበሉ ይችላሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ሕክምናው ሲጀመር ልጅቱ ለአንድ ወር ገደማ ኬሞ የሚባለውን ጠንከር ያለ የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቪንክሪስቲን ሲሆን የተገኘው የማዳጋስካር ተወላጅ ከሆነች አበባ ነው። ሌላው ፕሬድኒሶሎን ነው። ከጀርባዋ በመርፌ ውሃ እየተቀዳ በዚያው መድኃኒት ይገባል፤ በሽታው አንጎል አካባቢ እንዳይደበቅ ነው። ወሩ ሲያልቅ አብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚታየው ነገር ተአምር ይመስላል። ፊቷ ይመለሳል፣ ትስቃለች፣ ትሮጣለች፤ መቅኔዋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታው አይገኝም።

እናቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። በሽታው ሲገኝ በልጅቱ ሰውነት ውስጥ እስከ 1 ትሪሊዮን የሚደርስ የካንሰር ሴል ሊኖር ይችላል፤ ማይክሮስኮፕ "የለም" በሚልበት ቀን እንኳ 1 ቢሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ሊቀር ይችላል። ማሳ ላይ አረሙ ታጭዶ ሥሩ እንደቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚዋጥ ኪኒን ነው። መሐል ላይ ከተቋረጠ የተረፈው ያገረሻል፤ ያገረሸው ደግሞ የመጀመሪያውን መድኃኒት እየተላመደ ስለሚመጣ ለማዳን ይከብዳል። በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። የልዩነቱ አንድ ትልቅ ምክንያት ሕክምና ማቋረጥ ነው። 4 ተከታታይ ሳምንት ሕክምና ከቀረ ሐኪሞች እንደተተወ ይቆጥሩታል።

እናትየዋን እናስብ። ልጇ ድና ፊቷ ቆማለች። ሌሎች ሁለት ልጆቿ አያታቸው ጋ ናቸው፤ አያትየዋም ታማለች። ማሳው አልታረሰም። ባል ቢኖር ኖሮ አንደኛቸው ሄዶ ሌላኛቸው ይቀር ነበር። እሷ ግን ወይ ሁለቱን ትታ አንዷን ትይዛለች፣ ወይም አንዷን ይዛ ወደ ሁለቱ ትመለሳለች። የምትሄደው አላዋቂ ወይም ግድ የለሽ ስለሆነች አይደለም። ስለዚህ "ለምን አቋረጥሽ?" ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው፤ መጀመሪያውኑ ቤቷ ማን እንደቀረ መጠየቅ ይገባል።

ሕክምናው እንዲህ እንዲረዝም ያስገደደው ያለፈው ልምድ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ድረስ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። በ1948 በቦስተን ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም አሚኖፕቴሪን በተባለ መድኃኒት የአንዳንድ ልጆች በሽታ ለጊዜው እንደጠፋ አሳየ፤ ግን ሁሉም ላይ ተመለሰ። በ1960ዎቹ በሜምፊስ ዶናልድ ፒንከልና ባልደረቦቹ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምረው፣ ወደ አንጎል የሚደርሰውንም ጨምረው ለዓመታት ሲሰጡ ነው የዳኑ ልጆች መቆጠር የጀመሩት።

ወደ እናትና ልጅቱ እንመለስ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ልጅ ረኃቡ ያብዳል፣ ጠባዩም ይለወጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ አጠገብ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጅቱ ተነሥታ "እማዬ፣ ሽሮ ስሪልኝ" ትላለች። ሽሮው ሲደርስ አልፈልግም ብላ ታለቅሳለች። እናትየዋ ልጇ የተቀየረችባት ይመስላታል። መድኃኒቱ ነው፤ ሲቀነስ ይተዋታል። እስከዚያው ምግቡ ጨው የቀነሰ፣ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሰጣት። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት የተሰጣት ዕለት ሽንቷ ቢቀላ ደም ነው ብላ እንዳትደነግጥ አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

ሊያስደነግጣት የሚገባው ትኩሳት ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚያሳንስ ተራ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ልጅቱን ሊገድላት ይችላል። ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪ ካሳየ በፓራሲታሞል አብርዶ ንጋትን መጠበቅ የለም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። ብቻዋን ላለች ሴት ይህ ቀድሞ ካልታሰበበት አይሳካም። የባጃጅ ሹፌሩ ስልክ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሌሊት ብትቀሰቀስ የማይከፋት ጎረቤት ከወዲሁ ትነገር፤ ለመጓጓዣ የሚሆን ብር ተለይቶ ይቀመጥ።

ልጅቱም ጥያቄ አላት። አባቷ የሞተ ጊዜ ጎረቤት ተወስዳ "አባትሽ ሩቅ አገር ሄዷል" ተብላ ነበር። ትልልቆች ሲንሾካሾኩ፣ እናቷ ፊቷን አዙራ ዕንባዋን ስታብስ፣ ያኔ የሆነውን ታስታውሳለች። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ክፉ ነገር በራሳቸው ጥፋት የመጣ ይመስላቸዋል፤ "እማዬን ስላስቸገርኳት ነው" ልትል ትችላለች። ስለዚህ የበሽታው ስም ይነገራት፤ ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ይነገራት፤ ፀጉሯ እንደሚረግፍና ተመልሶ እንደሚበቅል ይነገራት። መርፌው "አያምም" አይባል፤ "ያማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እጅሽን እይዛለሁ" ይባል። "እንደ አባዬ እሞታለሁ?" ካለች ደግሞ እውነቱን መናገር ይቻላል። የአባቷ ሕመም ሌላ ነበር፤ ይህኛው መድኃኒት አለው፤ ብዙ ልጆች ድነውበታል፤ እናቷም አጠገቧ ናት። እናትየዋ ፊቷ ላይ ብታለቅስ ነውር የለውም። ልጆች ዕንባን ይችላሉ፤ የሚያስፈራቸው ከእነሱ የተደበቀ ነገር ነው።

ጠበልና ዱዓን በተመለከተ፣ ብዙ እናቶች ከሁለት አንዱን ምረጡ የተባሉ ይመስላቸዋል። ሐኪሙ የሚለው ኬሞውን አታቋርጪ ነው። ካህኑ ወይም ሼኩም ይህንኑ አብረው ቢናገሩ ከማንኛውም የጤና ትምህርት የበለጠ ይሰማል።

እርዳታው ከየት ይምጣ? የልጆች ካንሰር ሕክምና ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተጨማሪ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ይሰጣል፤ የቅርቡን መያዝ የመንገዱን ግማሽ ችግር ያቃልላል። ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የተባለ ድርጅት ከሩቅ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ይሰጣል። በሉኪሚያ ልጃቸውን ባጡ ወላጆች የተመሠረተውና በልጁ ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። የጤና መድን ያላት እናት የሪፈር ወረቀቷን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሥርዓቱ ትያዝ፤ ደረጃ ከተዘለለ ላይሠራ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ተስፋ የማደርገው በእድር ነው። እድር ባሏ ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ አጠገቧ ተቀምጧል። ልጇ በሕይወት ሳለች የዚያን እኩሌታ ያህል ቢደርስላት፣ ማሳዋን ቢያርስላት፣ ሁለቱን ልጆች ተራ ገብቶ ቢያበላላት፣ ልጅቱ የማቋረጫውን ወር ታልፈዋለች። ወጣቶቹ ደም ይስጡ። በኬሞ ጊዜ ልጅቱን ከመድማት የሚጠብቃት ፕላትሌት ከተቀዳ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ አከማችቶ ማቆየት አይቻልም።

የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በኋላም ቀጠሮው አይቆምም፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እየተራራቀ ለዓመታት ይሄዳል። እናትየዋ አንድ ወረቀት ሳትቀበል ከሆስፒታሉ እንዳትወጣ እመክራለሁ፤ ልጇ የወሰደቻቸው መድኃኒቶች ዝርዝርና መጠን ያለበትን። ዶክሶሩቢሲን ከብዙ ዓመት በኋላ ልብን ሊያደክም ይችላል። ልጅቱ አድጋ፣ አግብታ፣ ስታረግዝ የሚያያት ሐኪም ስንት እንደወሰደች ማወቅ ይፈልጋል።