ከአመዱ በፊት መኖውን መሸፈን

በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም መፈንዳቱ ይታወሳል። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ ግጦሹን ሸፍኖ አርብቶ አደሩን ለመኖ ችግር ዳርጓል። በነፋስ የተወሰደው ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል።

አመዱን ድንበር ስለማያግደው ጥናቱም የአንድ አገር ሥራ ብቻ አይደለም። መስከረም 1998 ዓ.ም በዚያው ክልል በዳባሁ መሬት ሲሰነጠቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝና ከአሜሪካ አቻዎቻቸው ጋር አጥንተውታል። በሳተላይት ምስልና በመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ በመታገዝ የቀለጠው ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ መግባቱን፣ ስንጥቁም እስከ 8 ሜትር መስፋቱን አረጋግጠዋል።

ሳተላይት የመሬቱን ማበጥና መስመጥ ያሳያል። በየመንደሩ ያለውን የግጦሽና የውኃ ሁኔታ ቀድሞ የሚያውቀው ግን አርብቶ አደሩና የወረዳው ባለሙያ ነው።

አመድ ከብትን የሚመርዝ ፍሎራይድ ሊይዝ ይችላል። በአይስላንድ እ.ኤ.አ በ1783 ከደረሰው የላኪ ፍንዳታ በኋላ ከአገሪቱ በጎች ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ስለሆነም አመድ ሲወርድ ከብቶችን ከግጦሽ ማራቅ፣ የተከማቸ መኖን መሸፈንና የውኃ ጉድጓዶችን መክደን ያስፈልጋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የመጠባበቂያ መኖ ማዘጋጀት ያለባቸው መሬቱ ሳይጨስ ነው።