እንቢ ማለትም ልምምድ ይፈልጋል

ተማሪዎችን ከአደንዛዥ ዕፅና ከአልኮል መጠጥ ለመጠበቅ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ ጉዳቱን መዘርዘርና ማስፈራራት ነበር። ዘዴው ልጅ ወደ ሱስ የሚገባው ባለማወቅ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ሲሆን፣ ግምቱ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ብዙ ታዳጊዎች የመጀመሪያውን ሲጋራ ወይም የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚቀበሉት ጎጂነቱን እያወቁ፣ ከጓደኞቻቸው ላለመለየት ብለው ነው። እኩዮች አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩት ይህ ጫና «የአቻ ግፊት» ይባላል።

የማስጠንቀቂያን አቅም ውስንነት በግልጽ ያሳየችው አሜሪካ ናት። በ1983 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከከተማው የትምህርት አስተዳደር ጋር «ዴር» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ ዕፅ የሚያስተምርበት ይህ አሠራር በመላ አገሪቱ ቢስፋፋና በወላጆች ዘንድ ቢወደድም፣ በኋላ የተካሄዱ ተደጋጋሚ ጥናቶች ይህ ነው የሚባል ዘላቂ ውጤት ስላላገኙበት፣ መርሐ ግብሩ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ተቀበለ።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጊልበርት ቦትቪን የቀረጸው «የሕይወት ክህሎት ሥልጠና» ግን መነሻው ሌላ ነበር። ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል በሚሰጡት 30 ያህል ክፍለ ጊዜያት ተማሪዎች ጭንቀትን መቆጣጠርን፣ ማስታወቂያ የሚደብቀውን ለይቶ ማየትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጭውውት መልክ ጋባዥና ተጋባዥ እየሆኑ ግብዣን መመለስን ይለማመዳሉ፤ «ሁሉም ይጠጣል» የሚለው ወሬም ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ይነጻጸርላቸዋል። በኒውዮርክ ግዛት 56 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና ውጤቱ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው ክትትል፣ ሥልጠናውን በተሟላ ሁኔታ ያገኙት ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ሲጋራ፣ አልኮልና ማሪዋና የመጠቀም ልማዳቸው ካላገኙት ያነሰ እንደነበር አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ልምምድ የተለየ ምክንያት አለ። «በሞቴ» ተብሎ የቀረበለትን ጉርሻ መመለስ አጉራሹን ማስቀየም እንደሆነ እየተነገረው ያደገ ልጅ፣ ጓደኛው በዚያው ቃል ጫት ሲዘረጋለት፣ በተለይም ፈተና ደርሶ «ለጥናት ያነቃል» ሲባል፣ እጁ በይሉኝታ ይታሰራል። ይሉኝታ፣ ማለትም «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ራስን መግታት፣ ብዙ መልካም ነገር የጠበቀ ጠባይ በመሆኑ ይጣል ማለት አይገባም፤ መማር የሚያስፈልገው ሰውን ሳያስቀይሙ የተሰጠውን መመለስ ነው። ይህ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ማዕድ ቀርቦለት «ጾመኛ ነኝ» ሲል ጋባዡ አይቀየምም፤ መልሱ አጭር፣ የታወቀና ያለ ማፈር የሚነገር ስለሆነ ነው። «አልቅምም፤ ኳስ ግን አብረን እንጫወታለን» የሚለውም መልስ በተደጋጋሚ ልምምድ እንዲሁ ከአፍ ሊቀል ይችላል።

ይህን ልምምድ ሕግ ብቻውን አይተካውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዋጁ የሚያዘው ግን ሻጩን እንጂ የሚጋብዘውን ጓደኛ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ያሉት የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ክበባትም ቢሆኑ የሚያቀርቧቸው ድራማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሱሰኛውን መጨረሻ ያሳያሉ እንጂ የመጀመሪያው ግብዣ እንዴት እንደሚመለስ አያሳዩም። ርእሳነ መምህራን ለእነዚህ ክበባት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጧቸው፤ ተማሪዎቹም ያንን የመጀመሪያ ግብዣ ደጋግመው ይጫወቱት።