ማሽኑ ደርሷል፤ ውሃውስ?

ለእናታችሁ የልብስ ማጠቢያ ልትልኩ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ብሩ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ይህን አንብቡ

እጅ ይላጣል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ቅዳሜ ያልቃል። ለመሆኑ ልብስ አጠባ ከዚህ ሌላ ምን ትርፍ አለው? አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ የትውልድ ቀያችሁ ግን መካነ ሰላም፣ አቀስታ፣ ወግዲ ወይም ሳይንት የሆነ ወጣቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። እናታችሁ ጋቢ ዘፍዝፋ በእግሯ ስትረግጥ፣ ከዚያም አንዱን ጫፍ እናንተን አስይዛ ሌላውን ስትጠመዝዝ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። እናም ደመወዝ መያዝ ስትጀምሩ አንድ ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ "እማዬን ማሽን ገዝቼ ልገላግላት!"

እሰየው! ምርቃት የሚያስገኝ ሐሳብ ነው። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ስንቱ ማሽን ነው በአይሱዙ ተጭኖ፣ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ከገባ በኋላ ዳንቴል ለብሶ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ የቀረው? ዱቄት የተቀመጠበትስ የለም? ጥፋቱ የማሽኑም የእናትም አይደለም። ገዢው ዋጋውን ጠየቀ እንጂ የቤቱን ኑሮ አልጠየቀም።

ሁለቱን አታምታቱ

ከላይ የሚከፈት ማጠቢያ ሲባል በገበያችን ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ባለ ሁለት ገንዳው ነው። በአንደኛው ገንዳ ይታጠባል፣ በሌላው ይጨመቃል። ውሃውን በባልዲ ብትሞሉትም ቅር አይለውም። የሰዓቱን ቁልፍ ስታዞሩት ከታች ያለው ክብ ሳህን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየዞረ ልብሱን ያምሰዋል። ሲያበቃ ቱቦውን ወደ መሬት ታወርዱና እጣቢው በራሱ ይፈሳል። ከዚያ ልብሱን በእጃችሁ ወደ መጭመቂያው ታዛውራላችሁ። ሻጮች ይህንን "ድራየር" ይሉታል፤ አትሸወዱ፣ ይጨምቃል እንጂ አያደርቅም።

ሁለተኛው ባለ አንድ ገንዳ አውቶማቲኩ ነው። ቁልፍ ተጭናችሁ ቡና ልትጠጡ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ራሱ ያጥባል፣ ያለቀልቃል፣ ይጨምቃል። ግን ከቧንቧ ግፊት ያለው ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መሃል ላይ ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል። ከፊት የሚከፈተው ደግሞ ውሃ በመቆጠብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሆኖም እሱም ግፊት ይፈልጋል፣ ለእጅ አጠባ የተሠራውን አረፋ የሚበዛበት ዱቄት ሳሙናም አይወድም።

ስለዚህ የቧንቧ ውሃው አስተማማኝ ላልሆነ ቤት ያ የድሮው፣ "ፋሽኑ አልፎበታል" የሚባለው ባለ ሁለት ገንዳ ነው የሚያዋጣው። ስትገዙ "7 ኪሎ" የሚለው ጽሑፍ የደረቅ ልብስ ክብደት መሆኑን እወቁ። መጭመቂያው ደግሞ ከማጠቢያው ያነሰ ነው የሚይዘው፤ አንድ ሙሉ እጥበት ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ይጨመቃል።

ወንዙ ቤት ሲመጣ

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ አረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸው ይታወሳል። የወሎ ልጆች ከመካከላቸው ብዙ ነበሩ። ስሟን የማንጠቅሳት አንዲት የመካነ ሰላም ልጅም ጅዳ ውስጥ የሰው ልብስ በሰው ማሽን ስታጥብ ኖራ የመጣችው ያኔ ነው። ሥራ ይዛ ትንሽ ብር ስትቋጥር ከደሴ ባለ ሁለት ገንዳ ገዝታ ለእናቷ ወሰደች።

እናት መጀመሪያ አልተቀበሉትም። "ልጄ፣ በእጅ ያልታሸ ልብስ ጸዳ ይባላል እንዴ?" አሉ። "አብሽሪ እማ፣ ታያለሽ" አለች ልጅ። ታጠበ፣ ተጨመቀ፣ ተሰጣ። እናት የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጠው አዩና ሳቁ፤ እድፉ እዚያው ነበር! በዚህስ ትክክል ነበሩ። ኮሌታ፣ የእጅጌ ጫፍና የሱሪ ታች ቀድሞ በሳሙና በእጅ ካልታሸ ማሽን ብቻውን አይወጣውም። ያም ሆኖ እናት ለመዱት፣ ወደዱትም።

ችግሩ የመጣው ከወር በኋላ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ የነበረችው ትንሿ እህት አንድ ቀን ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ እንዲህ አለች፦ "እታለም፣ እማዬን ገላገልሻት፤ እኔን ግን ገደልሽኝ። ድሮ ወንዝ ወርደን አጥበን፣ ቁጥቋጦ ላይ አድርቀን ቀሎን እንመለስ ነበር። አሁን ወንዙን ተሸክሜ የምመጣው እኔ ነኝ።"

ጉድ በሉ! ማሽኑ ሥራውን አላጠፋውም፤ ከእናት እጅ አንስቶ በልጅ ጀርባ ላይ ነው የጫነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰው ወንድሟስ? እሱማ ቁልፍ ማዞር ይወዳል። ውሃ ቅዳ ሲባል ግን "እኔ ሴት ነኝ እንዴ?" ይላል። በእጅ ሲታጠብ የሴት ሥራ ነበር፤ ሞተር ሲገጠምለት የወንድ ሆነ፤ ውሃው ግን አሁንም የሴት!

ታላቅ እህት ሁለት ነገር አደረገች። አንደኛ፣ በቤቱ ሕግ ወጣ፦ ቁልፉን የሚያዞር ውሃውንም ይቀዳል። ልጁ አንድ ሳምንት አኮረፈ፤ በሁለተኛው ንጹሕ ሱሪ ሲያጣ ጀሪካኑን አነሳ። ሁለተኛ፣ ቀጥሎ የላከችው ብር ለአሸንዳና ለሁለት በርሜል ዋለ።

የጀሪካን ሒሳብ

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። የአንድ መካከለኛ ባለ ሁለት ገንዳ ማጠቢያ አንድ ሙሌት 45 ሊትር ነው እንበል። ሦስት ዙር ልብስ ለየብቻ አጥባችሁ እያንዳንዱን ሁለቴ ብታለቀልቁ ዘጠኝ ሙሌት ይሆናል። ይህም 405 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሃያ ጊዜ መሸከም ነው።

ብልሃቱ ይኸውላችሁ። በአንዱ የሳሙና ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም ያለውን፣ በመጨረሻ ጥቁሩንና የሥራ ልብሱን እጠቡበት። ሁሉንም ሳታለቀልቁ በፊት ጭመቁት፤ ሳሙናው እዚያው ይወጣል። ከዚያ ሦስቱንም በተራ በአንድ ማለቅለቂያ ውሃ፣ በመጨረሻም በሌላ ንጹሕ ውሃ አሳልፏቸው። ሦስት ሙሌት ብቻ፣ 135 ሊትር፤ ሰባት ጀሪካን አካባቢ። ውሃው ደፍርሶ አንድ ሙሌት ብትጨምሩ እንኳ ዘጠኝ ነው። የመጨረሻውን ውሃም አትድፉት፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሆናል።

ሰማይም ይረዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ በአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 400 ሊትር ይሰበስባል፤ የሚባክነው ቢቀነስም የሳምንቱ አጠባ ተሸፈነ ማለት ነው። የዝናብ ውሃ ደግሞ ሳሙና ቶሎ ያረፋል። በርሜሉን ክደኑት፤ ለሕፃናትም አደጋ ነው፣ ለወባ ትንኝም መራቢያ ይሆናል።

ደጋ ነው፣ ብርድ ነው

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ግድም ነች። ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሃ ማሞቂያ የለውም። በጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ በጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሳሙናውን አስቀድማችሁ በአንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ በጥብጡት። "እንግዲያው የፈላ ውሃ ልጨምር" እንዳትሉ! እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለፕላስቲክ ገንዳ እሱም ይበዛበታል፤ ይጣመማል። ለብ ያለ ይበቃል።

ዝተትና በርኖስ ግን ማሽን ውስጥ አይግቡ። የበግ ጠጉር በውሃ ውስጥ ሲታመስ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል፤ የአባታችሁ በርኖስ ለታናሽ ወንድማችሁ ልክ ሆኖ ይወጣል። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ በሳህኑ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩንም ያስጨንቃል። በእጅ ወይም በእግር ታጥቦ፣ ታጥፎ መጭመቂያው ውስጥ እኩል ከተዘረጋ ግን ትልቅ እረፍት ነው። ነጠላን ትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ እጠቡት፤ ዘርፉ አይበጣጠስም። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሞክሩት። በረኪና ጥለት አይነካ፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በእንዶድ ነጭ ልብስ ማጠብ የለመዱ እናቶች "ማሽኑ ውስጥስ?" ይላሉ። ዘፍዝፈው፣ በጨርቅ አጥልለው ፈሳሹን ብቻ ይጠቀሙ፤ ገለባው ቱቦ ይደፍናል። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ የልብስ አጠባ ምክንያት ነው። የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን የሚገድል ተክል ተገኘ፤ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ነገሩ ለዓሣም መርዝ ስለሆነ እጣቢው ወንዝ አይግባ።

በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሲሸት ታውቁታላችሁ። የማሽኑ ትልቁ ውለታ ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ለደጋ ሰው ከማጠቢያው ይልቅ መጭመቂያው ነው ዋጋውን የሚያወጣው።

መብራት፣ አይጥና አከራይ

ከአሜሪካ ዘመድ "ማሽኔን ልላክልሽ" ካለ አመስግኑና እምቢ በሉ። የእሱ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፤ የኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ይግላል። ከሳዑዲ የሚመጣውም 60 ኸርዝ ሊሆን ስለሚችል ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ።

ሦስተኛውን የሶኬት እግር አትቁረጡ፤ በኤርዝ ያልታሰረ ማሽንና እርጥብ እጅ አይስማሙም። የብዙዎቹ ባለ ሁለት ገንዳ ማሽኖች ሆድ ከታች ክፍት ስለሆነ አይጥ ገብታ ሽቦ ትበላለች፤ ወንፊት ሽቦ አልብሱት፣ ከመሬትም ከፍ አድርጉት። የመጭመቂያው ክዳን ሲከፈት መዞሩን ካላቆመ ሳይጠገን አትጠቀሙበት፤ የሕፃን እጅ ይሰብራል።

ተከራዮች ሆይ! "ቆጣሪዬን በላችሁት" የሚሉ አከራይ ካሉባችሁ በትሕትና ይህን ንገሯቸው፦ "እትዬ፣ የማጠቢያው ሞተር ከ300 እስከ 400 ዋት ቢሆን ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድዎ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል።" ጠቡ ከውሃው ከሆነ ግን እሳቸው ሳይጠይቁ ድርሻችሁን ክፈሉ።

አጣቢዋስ?

አንድ የተረሳ ሰው አለ። በየሳምንቱ እየመጣች በእጇ የምታጥብ፣ በዚያም ልጅ የምታሳድግ ሴት። ማሽን ሲገባ መጀመሪያ የምትባረረው እሷ ነች። አታባርሯት፤ ማሽኑን አስተምሯት። ኮሌታ የሚያሽ፣ የሚያዛውር፣ የሚያሰጣ ሰው አሁንም ያስፈልጋል። ክፍያዋንም አትቀንሱ፤ ጊዜዋ ያጠረው በእናንተ መብራት ቢሆንም ጥንቃቄዋ ያው ነው።

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረገው ንግግር ቤታቸው ማሽን በገባ ጊዜ እናቱ በተረፋት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ትወስደው እንደነበር ተናግሯል። በዚያን ጊዜ ከዓለም 7 ቢሊዮን ሕዝብ ማሽን የሚደርሰው 2 ቢሊዮኑን ብቻ እንደሆነም ገምቶ ነበር። ዋናው ነገር የተረፈው ሰዓት ነው። እናትየው ሰዓት አግኝታ ልጅቷ የምታጣ ከሆነ ግን ቤቱ ምንም አላተረፈም።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ቤት አንድ ስልክ ደውሉ። "እማዬ፣ ምን ዓይነት ማሽን ትፈልጊያለሽ?" አትበሉ፤ እሷማ "ተይው ልጄ፣ ለራስሽ ሁኚበት" ነው የምትለው። "እማዬ፣ ውሃ የሚቀዳልሽ ማነው?" በሏት። መልሱን ስትሰሙ መጀመሪያ መግዛት ያለባችሁ ማሽን ይሁን በርሜል ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።