የቡና ማብላያ ገንዳ ይዘትና የሚፈጀው ኮንክሪት

በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በስተ ደቡብ በምትገኘው በፍስሐ ገነት አካባቢ፣ ለመታጠብ የሚዘጋጀው እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ዝልግልጉ እስኪለቅ ድረስ በማብላያ ገንዳ ይቆያል። ገንዳው ከላይ ክፍት የሆነ፣ ሣጥን መሰል የኮንክሪት ሥራ ነው። ስለዚህ አሠሪው አስቀድሞ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ገንዳው ምን ያህል እንደሚይዝና ምን ያህል ኮንክሪት እንደሚፈጅ ነው።

ለምሳሌ የውጭ ርዝመቱ 3.40፣ ወርዱ 2.40፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር፤ የግድግዳውና የወለሉ ውፍረት 0.20 ሜትር ይሁን። ግድግዳው በሁለት ወገን ስለሚገኝ ከርዝመቱም ከወርዱም 0.40 ይቀነሳል። ክዳን ስለሌለው ግን ከቁመቱ የሚቀነሰው የወለሉ 0.20 ብቻ ነው።

የውስጥ ይዘት፦ 3.00 × 2.00 × 1.00 = 6.000 ሜትር ኩብ (6000 ሊትር)
የውጭ ይዘት፦ 3.40 × 2.40 × 1.20 = 9.792 ሜትር ኩብ
ኮንክሪቱ፦ 9.792 − 6.000 = 3.792 ሜትር ኩብ

ለማረጋገጥ ክፍሎቹን ለየብቻ እናስላ። ወለሉ 1.632፣ ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች 1.360፣ ሁለቱ አጫጭሮች 0.800 ናቸው፤ ድምሩም ያው 3.792 ይሆናል።

የግድግዳውን ውፍረት አንድ ጊዜ ብቻ የቀነሰ ሰው ግን ይዘቱን 7.040፣ ኮንክሪቱን 2.752 ያደርገዋል። ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኩንታል ሲሚንቶ ቢታሰብ፣ ከ3 ኩንታል በላይ ይጎድለዋል። ሥራው ተቋርጦ ሲቀጠልም መጋጠሚያው ውሃ ሊያፈስ ይችላል። ገንዳው ቢያልቅ እንኳ በ7.040 ልክ የተሰበሰበው ቡና ማረፊያ ያጣል፤ ሳይፈለፈል የሚያድር እሸት ደግሞ ጥራቱ ይቀንሳል።