ፊደል ለቃሚውን በአፕት ማስገባት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ላቴክን ለመጫን አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል። ተርሚናሉን ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ የጥቅሉን ስም ማስከተል፣ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ሲጠየቁ እሺ ማለት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። መስኮቱ በፋይል ስሞች ይጥለቀለቃል። ሲወርድ፣ ሲፈታ፣ ሲደራጅ ይታያል። ወደ መጨረሻው ላይ ግን «ፎርማት እየገነባሁ ነው፤ ጊዜ ሊወስድ ይችላል» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣና ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ጀማሪው «ስታክ አደረገ» ብሎ መስኮቱን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ባይዘጋው ይሻለዋል። በዚያች ጸጥታ ውስጥ እየተሠራ ያለውን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሁለት ባለሙያዎችን መተዋወቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፊደል ለቃሚ ነው፣ ሌላው አቅራቢ።

በድሮው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ የተቀረጹትን ፊደሎች ከየሳጥናቸው እያነሳ መስመር ይሠራ ነበር። የቃላቱን ክፍተት የሚያመጣጥነውም እሱ ነው። ላቴክ ይህን ሥራ በኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጸሐፊው በተራ ጽሑፍ ላይ «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው፣ ይህ ቀመር ነው» እያለ ምልክት ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ያንን አንብቦ ገጽ ይሠራና ፒዲኤፍ ያወጣል። ከተለመዱት የጽሕፈት ፕሮግራሞች የሚለይበት አንድ ነገር ቢጠቀስ መስመር አቆራረጡ ነው። ላቴክ ከመስመር ወደ መስመር እየቆረጠ አይሄድም፤ አንቀጹን ሙሉ በሙሉ አይቶ ከሚቻሉት አቆራረጦች ሁሉ ክፍተቱ ይበልጥ የተመጣጠነውን ይመርጣል። ገጹ ለዓይን ሳይጎረብጥ የሚነበበው ስለዚህ ነው።

የነገሩ ጀማሪ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ክኑት ናቸው። በ1977 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ካዘጋጇቸው መጻሕፍት የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም ለእርማት ደረሳቸው። የ1969ኙ እትም በእርሳስ ፊደል ታትሞ ያማረ ነበር፤ አዲሱ ግን በወቅቱ ብቅ ባለው የፎቶ ፊደል ለቀማ የተሠራ ሆኖ ቅር አሰኛቸው። ፊደልና ቀመር በገጽ ላይ መደርደር የቁጥር ጉዳይ ከሆነ እኔው እሠራዋለሁ አሉና መጽሐፉን አቆይተው ቴክ የተባለውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌስሊ ላምፖርት የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንቲስት ቴክን ለተራ ጸሐፊ የሚያቀልሉ ትእዛዞች በላዩ ላይ ሠሩ፤ ላቴክ የምንለው ይህን ነው።

ክኑት ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር በሶፍትዌር ዓለም እንግዳ ነው። ቴክ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ስሕተት ሲገኝ ብቻ ይታረማል አሉ። በእያንዳንዱ እርማት የእትሙ ቁጥር በፓይ ላይ አንድ አሃዝ ይጨምራል፤ ከ2021ዱ እርማት ወዲህ 3.141592653 ላይ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ቁጥሩ ፓይ ራሱ እንዲሆንና ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስሕተት ሁሉ እንደ ባሕርይው እንዲቆጠር ተናዝዘዋል። የፕሮግራሙን ስሕተት ላገኘ ሰው እስከ 2008 ይጽፉት የነበረው ቼክም 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ቼኩን ባንክ ከማስገባት ይልቅ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ነበር፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው አያያዝም ይኸው ነው።

ፕሮግራሙ ይህን ያህል ረግቶ ከተቀመጠ ታዲያ በእጅ መጫኑ ለምን ያስቸግራል? ዋናው ቢረጋም ዙሪያው አይረጋም። የኬሚስትሪ ቀመር የሚስል፣ የሙዚቃ ኖታ የሚጽፍ፣ የሕንድን ፊደል የሚያስተናግድ፣ የአንድን ጆርናል አቀማመጥ የሚከተል፣ ሁሉም በየአገሩ ባሉ በጎ ፈቃደኞች የተሠራ ተጨማሪ ነው። ተጨማሪዎቹ የሚሰበሰቡበት ሲታን የተባለ የኢንተርኔት ማከማቻ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ። በ1996 ደግሞ የተጠቃሚ ማኅበራት ተባብረው ከማከማቻው እየመረጡ በሲዲ ማሰራጨት ጀመሩ፤ ቴክ ላይቭ የተባለው ስብስብ ይህ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ይወጣል፤ በውስጡ ከ4 ሺህ በላይ ጥቅሎች አሉ። አንዱ ሌላውን ይፈልጋል፤ ያኛው ደግሞ ሦስተኛውን። ይህን ሰንሰለት በእጅ እየተከተልኩ እጭናለሁ የሚል ሰው ድርሰቱን ሳይጀምር ይደክማል።

አቅራቢው አፕት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዴቢያንን በነሐሴ 1993 ይፋ ያደረገው በኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ ነው። የዴቢያን ጥቅል አንድ ፋይል ነው፤ ውስጡ ሁለት ክፍል አለ። አንዱ የሚጫኑትን ፋይሎች ይይዛል፤ ሌላው የጥቅሉን ስም፣ እትሙን፣ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች የሚዘረዝር መግለጫ ነው። ይህን ፋይል ፈትቶ ቦታ ቦታ የሚያስይዘው ዲፒኬጂ የተባለው አሮጌ መሣሪያ ነው። ዲፒኬጂ የጎደለውን ይናገራል እንጂ ሄዶ አያመጣም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው አፕት ይህን ክፍተት ሞላ፤ መግለጫዎቹን ያነባል፣ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ይከተላል፣ የጎደለውን ሁሉ ከሰርቨር አውርዶ በተገቢው ተራ ለዲፒኬጂ ያቀብላል። ኡቡንቱም በ2004 ሲጀመር ይህንኑ ወረሰ። (ቁም ነገረኛ መስሎ የሚታየው አፕት «ሙ» ብለው ሲያዙት በፊደል የተሳለች ላም ያሳያል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።)

ሥራው የሚጀምረው «አፕት አፕዴት» በሚለው ትእዛዝ ነው፤ ብዙዎች ይዘልሉታል። ትእዛዙ ምንም አይጭንም፤ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ያሉትን ጥቅሎች ዝርዝር በኮምፒውተሩ ላይ ያድሳል እንጂ። ዝርዝሩ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ቁልፍ በዲጂታል መንገድ የተፈረመበት ነው። የእያንዳንዱ ጥቅል መጠንና አሻራም ሰፍሮበታል። ስለዚህ የወረደው ፋይል በመንገድ ላይ ተነካክቶ ከሆነ አፕት አሻራውን አመሳክሮ አልቀበልም ይላል። ከማይታወቅ ድረ ገጽ የወረደ መጫኛ ይህን ዋስትና አይሰጥም።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ዴቢያን 4 ሺዎቹን ጥቅሎች አንድ በአንድ አያቀርብም፤ በጥቂት ደርዘን ትልልቅ ጥቅሎች ከፋፍሏቸዋል። «ቴክላይቭ-ላቴክ-ቤዝ» የሚባለው መሠረቱ ነው፤ «ሪኮመንድድ» የሚል የተጨመረበት ብዙ ሰው የሚፈልገውን ይይዛል፤ «ኤክስትራ» የሚለው ከሺህ በላይ ጥቃቅን ተጨማሪዎችን። ከሁሉም በላይ «ቴክላይቭ-ፉል» አለ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚጭን። ምክር ጠያቂ ተማሪ ዘንድ በብዛት የሚደርሰው መልስ «ፉሉን ጫነውና ተገላገል» ነው። በዚህ አልስማማም። ብዙ ጊጋባይት ዳታ አውርዶ የቬትናምን፣ የቼክንና የጥንቱን ግሪክ ፎንት መሸከም አንድ ኪሎ ጤፍ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤቱን እንደ መግዛት ነው። በአንዳንድ እትሞች ላይ ደግሞ ፉል ሲጫን ኮንቴክስት የተባለውን የቴክ ዘመድ ሲያዘጋጅ ተገትሮ ይቀርና ተጠቃሚው ኤንተርን ደጋግሞ ሲጫን ብቻ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነበር።

ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ሌላም መላ አለ። አፕት የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን «ቢኖር ይመከራል» የተባለውንም ሳይጠየቅ ይጨምራል። «ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» የሚለውን አማራጭ በትእዛዙ ላይ ማከል ይህን ያስቀራል። የሚወርደው ስንት ሜጋባይት እንደሆነና ዲስኩ ላይ ስንት እንደሚይዝ አፕት እሺታ ከመጠየቁ በፊት ይናገራልና ያቺን መስመር ሳያነቡ እሺ ማለት አያስፈልግም። ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ «ዳውንሎድ-ኦንሊ» በሚለው አማራጭ ጥቅሎቹን ብቻ አውርዶ በፍላሽ መውሰድም ይቻላል፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ወይም የዴቢያን እትም እስከ ያዙ ድረስ።

አሁን ወደዚያች ጸጥታ። ጥቅሎቹ ተፈተው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ሦስት ሥራ ይቀራል። መጀመሪያ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ፋይሎች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ማውጫ ይጻፋል፤ ያለበለዚያ ፕሮግራሙ ፋይል በፈለገ ቁጥር ዲስኩን ሁሉ ያስስ ነበር። ቀጥሎ የፎንቶች መዝገብ ይዘጋጃል። ሦስተኛው ፎርማት መገንባት የተባለው ነው። ቴክ ራሱ የሚያውቃቸው መሠረታዊ ትእዛዞች 300 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የላቴክን ትእዛዞች ግን ከባዶ መማር አለበት። ሰነድ በተከፈተ ቁጥር እንደገና እንዳይማር አንድ ጊዜ ያነብባቸውና ትዝታውን እንዳለ በፋይል ያስቀምጠዋል። ተርሚናሉ ጸጥ ያለው ይህ እስኪያልቅ ነው። በዚህ መሐል መብራት ቢሄድ ኮምፒውተሩ ሲመለስ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ብሎ «ኮንፊገር» እና «ኤ» የሚሉትን አማራጮች መስጠት ነው፤ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ማውረድ ላይ እያለ ከሆነ ደግሞ ያንኑ የመጀመሪያ ትእዛዝ መድገም ይበቃል፤ የወረደው እንደገና አይወርድም።

የአፕት መንገድ ዋጋም አለው፤ ዕድሜ ነው። ዴቢያን 12 በ2023 ሲወጣ የያዘው ቴክ ላይቭ የ2022ቱን ነው፤ እትሙ እስካለ ድረስም ያው ነው። ኡቡንቱ 24.04 የ2023ቱን ይዟል። ቴክ ላይቭ ቲኤልኤምጂአር የተባለ የራሱ አዳሽ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን ከአፕት ጋር አንድ ቤት ሁለት አዛዥ ስለሚሆን በዴቢያን ላይ የተጠቃሚውን የግል ማኅደር ከማስተዳደር በቀር እጁ ታስሯል። አዲስ ነገር የግድ ለሚፈልግ ሰው ሙሉውን ስብስብ ከምንጩ አውርዶ ለብቻው መጫን አማራጭ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን እርጅናው ጸጋ ይመስለኛል፤ መስከረም ላይ የሠራው ፋይል ሰኔ ላይ ያለ ምክንያት አይበላሽም። አንዲት ተጨማሪ ብቻ ከጎደለች «አፕት-ፋይል» የሚባለው መሣሪያ የፋይሉን ስም ተቀብሎ በየትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለች ይነግራል።

በአማርኛ ለሚጽፍስ? በ1990ዎቹ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ሆነው «ኢትዮፕ» የተባለውን ጥቅል ሠርተው ነበር። ዩኒኮድ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን አማርኛው በላቲን ፊደል እየተጻፈ በግዕዝ ፊደል ይታተም ነበር። ጥቅሉ ዛሬም አለ፤ ድሮ የአፍሪካ ቋንቋዎች በሚል በተለየ ጥቅል ውስጥ ነበር፤ አሁን «ቴክላይቭ-ላንግ-አዘር» ውስጥ፣ ማለትም «ሌሎች» በሚባለው፣ ተጠቃሏል። ሚሊዮኖች ለሚጽፉበት ፊደል «ሌሎች» መባል ትንሽ ያሳዝናል፤ ማውረዱን ግን አያከብደውም።

ዛሬ ግን ጆናታን ኪው የሠሩት ዚቴክ የተባለው የቴክ ዝርያ ዩኒኮድን በቀጥታ ስለሚያነብ በኪቦርዳችን የጻፍነውን አማርኛ እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ ለአማርኛ ሰነድ አራት ጥቅል ይበቃል ባይ ነኝ፦ ከላይ ያልነው «ሪኮመንድድ»፣ «ቴክላይቭ-ዚቴክ»፣ «ቴክላይቭ-ላንግ-አዘር» እና «ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ»። ስሞቹ በተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ «ቴክ» የሚለው ሁሉ መጨረሻው ኤክስ ነው። ሦስተኛው ጥቅል አንድ ቁም ነገር ይዞ ይመጣል፤ የግዕዝ ፊደል መስመር አቆራረጥ ሕግ። በብራና ጽሑፎቻችን መስመር ሲሞላ ቃል በየትኛውም ፊደል መካከል፣ ያለ ሰረዝ፣ ይቆረጥ ነበር፤ ሕጉም ይህንኑ ይፈቅዳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ ገጽ ቢያወጣ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አይደለም። ላቴክ ሌላ ካልተነገረው የሚጠቀምበት ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ፊደሎቹን ይዘልላቸውና በሎግ ፋይሉ ላይ «ይህ ፊደል በዚህ ፎንት ውስጥ የለም» እያለ አንድ በአንድ ይመዘግባቸዋል። በሰነዱ መግቢያ ላይ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ዋና ፎንት ብሎ መሰየም ገጹን ይሞላዋል። አቢሲኒካ ግን ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ርእሶች እንደ ተራው ጽሑፍ ቀጥነው ይወጣሉ። ደምቀው እንዲታዩ የሚፈልግ «ፎንትስ-ኖቶ-ኮር» የተባለውን አምስተኛ ጥቅል ይጨምርና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ለርእሶቹ ያውል።