ሰውነት የሚሰጠውን የጭንቀት ምልክት ማስተዋል

በወረርሽኝ ወቅት መጨነቅ ተፈጥሯዊ ነው። አእምሮ አደጋ ሲሰማው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትከሻና መንጋጋ ይወጠራሉ፣ ሆድ ይታወካል፣ እንቅልፍም ይርቃል።

እነዚህን ምልክቶች ሲያስተውሉ የኮቪድ-19 ዜና መከታተልዎን ለጊዜው ያቁሙ። ተቀምጠው እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ። በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ካስገቡበት በረዘመ ጊዜ ያስወጡ። ሐሳብዎ ወደ ሥጋት ቢሸሽ ራስዎን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽዎ ይመልሱት። ይህንንም ለአምስት ደቂቃ ያህል ይቀጥሉ።

ጭንቀት የወለደው የትንፋሽ ማጠር አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍት ይቀንሳል። ትኩሳት ወይም ሳል ከታከለበት፣ አልያም በዕረፍት ካልተሻለዎት ግን «ጭንቀት ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ሳይዘገዩ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ።